ፓውል ኤርሊኽና የተቀባዩ ንድፍ

እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ማርች 22 ቀን 1900 ዓ.ም. ፓውል ኤርሊኽ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በለንደን በሮያል ሶሳይቲ ሊቃውንት ፊት ቀርቦ፣ ሰውነት በሽታን ስለሚከላከልበት ኃይል ክሩኒያን የተሰኘውን የክብር ንግግር አደረገ። ንግግሩ ከነሥዕሉ ታተመ። ከዚያ ወዲህ ቃሉን የረሳ ብዙ ነው፤ ሥዕሉን የረሳ ግን ጥቂት ነው። በሥዕሉ ላይ ሴል፣ ማለትም የሕያዋን አካል ሁሉ የተገነባበት ጥቃቅን ሕዋስ፣ እንደ ወለል ተዘርግቶ ይታያል፤ ከወለሉ ላይ ብዙ እጆች ወጥተዋል፤ የእያንዳንዱም እጅ ጫፍ የራሱ የሆነ ቅርጽ አለው። ከውጭ የመጣው መርዝ ከዚያ ቅርጽ ጋር የሚገጥም ጫፍ ያለው እንደ ሆነ በእጁ ላይ ይቆለፋል፤ ካልገጠመ ያልፋል።

ይህ ሥዕል በወጣበት ዘመን ሞለኪውልን በዐይኑ ያየ ሰው አልነበረም። ከታወቁት ሊቃውንት መካከል የአቶምን መኖር ራሱን የሚጠራጠሩ ነበሩ። መሐንዲስ የሚነድፈው ገና ያልተሠራውን ነው፤ የንድፉም ስሕተት ግንባታው ሲቆም ወይም ሲወድቅ ይገለጣል። ኤርሊኽ የነደፈው ግን ከጥንት ጀምሮ ተሠርቶ ያለውን፣ ሆኖም ማንም ሊደርስበት ያልቻለውን ነበር። ንድፉ ከእውነተኛው ሥራ ጋር እስኪመሳከር ድረስ አንድ መቶ ዓመት ያህል አለፈ። በተመሳከረ ጊዜ ምኑ ልክ፣ ምኑም ስሕተት ሆኖ እንደ ተገኘ ለመረዳት የሰውየውን ሕይወት ከመነሻው መከተል ያሻል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኤርሊኽ ማርች 14 ቀን 1854 ሽትሬለን በምትባል የሽሌዚያ ከተማ ከአይሁዳውያን ቤተ ሰብ ተወለደ። ከተማይቱ ያን ጊዜ በፕሩሺያ መንግሥት ሥር ነበረች፤ ዛሬ የፖላንድ ናት። የወደፊት መንገዱን ያሳየው በእናቱ በኩል ዘመዱ የሆነው ካርል ቫይገርት ነው ማለት ይቻላል። ቫይገርት በዕድሜ 9 ዓመት ይበልጠው ነበር፤ ባክቴሪያን በአኒሊን ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ለማየት ከቻሉት የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞችም አንዱ ነው። በ1856 እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ሐምራዊ ቀለም ካወጣ ወዲህ የጀርመን ፋብሪካዎች በየዓመቱ አዳዲስ ቀለሞችን ለገበያ ያቀርቡ ነበር። ለልብስ ታስቦ የተሠራው ቀለም ወደ ሐኪሞች ጠረጴዛ የገባው በዚህ ሁኔታ ነው።

ጨርቅ የሚነክር ሰው አንዱ ቀለም በሱፍ ላይ አጥብቆ እንደሚይዝ፣ በጥጥ ላይ ግን ታጥቦ እንደሚሄድ ያውቃል፤ ለምን ብሎ ግን አይጨነቅም። ወጣቱ ኤርሊኽ የተጨነቀው በዚህ ነበር። በብሬስላው፣ በሽትራስቡርግ፣ በፍራይቡርግና በላይፕሲሕ ዩኒቨርሲቲዎች እየተዘዋወረ ሕክምና ሲማር ጊዜውን የሚያጠፋው በቀለም ጠርሙሶች መካከል ነበር። አንድ ቀለም የሴሉን አንድ ክፍል መርጦ ሌላውን የሚተወው በቀለሙና በዚያ ክፍል መካከል የኬሚስትሪ መሳሳብ ስላለ ነው ብሎ አመነ። እንግዲህ በኋላ የሠራው ሁሉ የዚህ አንድ እምነት ቅጥያ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በ1878 በ24 ዓመቱ ለላይፕሲሕ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍም ስለ ማቅለም ነበር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በሥጋ መካከል ተበትነው የሚገኙ፣ ሆዳቸው በጥቃቅን እንክብሎች የተሞላ ሴሎችን ገለጸ። እንክብሎቹ ሰማያዊውን የአኒሊን ቀለም ሲቀበሉ መልካቸው ወደ ሐምራዊነት ይለወጥ ነበር። ኤርሊኽ እነዚህ ሴሎች ምግብ በዝቶላቸው የደለቡ መሰሉትና ማስት ሴል ብሎ ሰየማቸው፤ ማስት በጀርመንኛ ከብት ማድለብን የሚያመለክት ቃል ነው። በስያሜው ተሳስቷል፤ ሴሎቹ ድልቦች አይደሉም። ስሙ ግን ጸና። በእነዚህ ሴሎች ገጽ ላይ ምን ተተክሎ እንደሚገኝ የታወቀው ከእርሱ ሞት በኋላ ብዙ ዘመን ቆይቶ ስለ ሆነ ነገሩን ወደ ኋላ ማቆየት ይሻላል።

ከትምህርቱ በኋላ በርሊን በሚገኘው በሻሪቴ ሆስፒታል በፕሮፌሰር ፍሬሪክስ ሥር ተቀጠረ። ፍሬሪክስ ወጣቱን እንደ ፈቀደ እንዲመራመር ተወው። ነጭ የደም ሴሎች በሚቀበሉት የቀለም ዓይነት እየተለዩ የተመደቡት በዚህ ወቅት ነው፤ ዛሬም በማናቸውም ሆስፒታል የደም ምርመራ ወረቀት ላይ የሚገኙት የነጭ ደም ሴል ስሞች ከዚያ የወረዱ ናቸው። ማርች 24 ቀን 1882 ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን በበርሊን ሲያስታውቅ ኤርሊኽ ከአድማጮቹ አንዱ ነበር፤ በዚያው ሰሞን የማቅለሚያውን ዘዴ ማሻሻል ያዘ። የነከራቸውን ስስ መስተዋቶች እንዲደርቁ በቀዘቀዘ ምድጃ ላይ አኑሯቸው ሳለ አንዲት ሴት ሳታውቅ እሳት አነደደችበት፤ ሙቀቱም ቀለሙን አጥብቆ አያያዘው ተብሎ ይተረካል። ትረካው የተዋበ ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያው አንዴ ከቀላ በኋላ በአሲድ ቢታጠብ እንኳ ቀለሙን እንደማይለቅ ማሳየቱ ግን የተረጋገጠ ነው፤ በኋላ ዚልና ኔልሰን ያሻሻሉት የአክታ ምርመራም መሠረቱ ይኸው ነው።

በ1883 ሄድቪግ ፒንኩስን አገባ፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። በ1885 ፍሬሪክስ ሞተ፤ የተተካው አለቃ ነጻነቱን አጠበበበት። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ኤርሊኽ ራሱ ባሻሻለው ዘዴ የራሱን አክታ መርምሮ የነቀርሳውን ባክቴሪያ አገኘ። ሚስቱን ይዞ ወደ ግብፅ ሄዶ በዚያው ደረቅ አየር አገገመና በ1889 ሲመለስ ሥራም ደመወዝም አልነበረውም። በገዛ ገንዘቡ ትንሽ ላቦራቶሪ ከፍቶ ሲሠራ ቆይቶ በ1891 ኮኽ ወደ አዲሱ የተላላፊ በሽታዎች ተቋም ጠራው።

በዚህ ተቋም ያደረገው ሙከራ በአማርኛ ጉሎ ከሚባለው ተክል ጋር የተያያዘ ነው። በጉሎ ፍሬ ውስጥ ሪሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አለ። ኤርሊኽ ይህን መርዝ ለአይጦች በጣም ከትንሽ መጠን ጀምሮ ቀስ በቀስ እየጨመረ ሲሰጣቸው በመጨረሻ ሌላውን አይጥ ወዲያው የሚገድለውን መጠን ብዙ እጥፍ ተቀብለው በሕይወት ኖሩ። በደማቸው ውስጥ መርዙን የሚያከሽፍ ነገር ተፈጥሯል፤ ይህ ነገር ዛሬ አንቲቦዲ የሚባለው ነው። ቀጥሎም ይህ ኃይል ወደ ልጅ የሚተላለፍ መሆን አለመሆኑን ጠየቀ። በ1892 ያወጣው መልስ እስከ ዛሬ ድረስ የጥሩ ሙከራ ምሳሌ ነው፤ ግልገሎቹን አለዋወጣቸው። መርዙን ከማትቋቋም እናት የተወለዱት ከምትቋቋመው እናት ጡት ሲጠቡ ኃይሉን አገኙ፤ ከምትቋቋመዋ የተወለዱት ደግሞ ከሌላዪቱ ሲጠቡ ይዘውት የተወለዱት ኃይል ብዙ ሳይቆይ ጠፋ። አባት ብቻውን የሚያወርሰው አልነበረም። እንግዲህ አንቲቦዲ ከእናት የሚመጣ፣ በወተትም የሚተላለፍ መሆኑ ታወቀ። ወተት የገባበት ሆድ ደግሞ ምግብን ሁሉ የሚፈጭ ሆድ ነው። አንቲቦዲ ሳይፈጭ በአንጀት ግድግዳ አልፎ ወደ ደም የሚገባው በምን በር ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ በዘመኑ አልነበረም።

በዚያን ጊዜ የሕፃናትን ጉሮሮ እየዘጋ የሚገድለው ዲፍቴሪያ በኤውሮፓ ብዙ ቤት ያጠፋ ነበር። በ1890 ኤሚል ቤሪንግና ጃፓናዊው ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ የዲፍቴሪያንና የመንጋጋ ቆልፍን መርዝ በሚመለከት ባደረጉት ምርመራ፣ መርዙን ከለመደ እንስሳ የተወሰደ ሴረም ሌላውን እንስሳ እንደሚያድን አሳይተው ነበር። ሴረሙ ከ1894 ጀምሮ በሄክስት የቀለም ፋብሪካ እየተመረተ ተሸጠ። ነገር ግን አንዱ ጠርሙስ ሕፃኑን ያድናል፤ ሌላው ጠርሙስ፣ በመልክም በመጠንም ያው ሆኖ ሳለ፣ ምንም አይረባም። ሐኪሙ ምን ያህል እንደሚሰጥ የሚያውቅበት ሚዛን አልነበረውም። በ1896 በበርሊን አቅራቢያ በሽቴግሊትስ የሴረም ምርመራ ተቋም ተከፍቶ ኤርሊኽ ኃላፊ ሲሆን የተሰጠው ሥራ ይህን ሚዛን ማበጀት ነበር።

ይህ የኤርሊኽ ሥራ ከሁሉ ይልቅ ለመሐንዲስ የሚጥም ነው። ሚዛን ለማበጀት መጀመሪያ የማይለዋወጥ መለኪያ ያስፈልጋል። በጊዜው የነበረው ልማድ መርዙን መለኪያ አድርጎ ሴረሙን በእርሱ መመዘን ነበር፤ 250 ግራም የሚመዝን ጊኒ ፒግ የሚባል ትንሽ እንስሳ በአራት ቀን ውስጥ የሚገድለው የመጨረሻ ዝቅተኛ የመርዝ መጠን አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ የዚህን መቶ እጥፍ የሚያከሽፈው ሴረም ደግሞ አንድ ዩኒት ይባላል። ኤርሊኽ ግን መርዙ በጠርሙስ ሲቆይ እንደሚበላሽ አስተዋለ፤ ይህም ብቻ አይደለም፤ የተበላሸው መርዝ የመግደል ኃይሉ ሲቀንስ ሴረሙን የመያዝ ኃይሉ ግን አልቀነሰም። ስለዚህ ነገሩን ገለበጠው። መርዙን ትቶ ሴረሙን መለኪያ አደረገ፤ ሴረሙን በባዶ አየር አድርቆ፣ ከብርሃንና ከእርጥበት ለይቶ፣ በታሸገ መስተዋት ውስጥ በቅዝቃዜ አኖረው። ከዚያ ወዲህ ማናቸውም አዲስ መርዝ በዚህ ደረቅ ሴረም ይለካል፤ አዲሱ ሴረም ደግሞ በተለካው መርዝ ይመዘናል። በፓሪስ አጠገብ የተቀመጠው የሜትር ብረት ለርዝመት የሠራውን ሥራ ይህች የመስተዋት ቱቦ ለመድኃኒት ሠራች። በ1922 የመንግሥታት ማኅበር ዓለም አቀፍ የዲፍቴሪያ ሴረም መለኪያ ሲያጸድቅ የኤርሊኽን ዩኒት መሠረት አደረገ።

የተቀባዩ ሥዕል የወጣውም ከዚሁ መለካት ነው። መርዝ የመግደል ኃይሉን አጥቶ የመያዝ ኃይሉን ካላጣ፣ በአንዱ የመርዝ ሞለኪውል ላይ ሁለት የተለያዩ ክፍሎች አሉ ማለት ነው፤ አንዱ የሚይዝ፣ አንዱ የሚገድል። የሚይዘው ክፍል ካለ ደግሞ በሴሉ ላይ የሚያዝ ነገር መኖር አለበት። ኤርሊኽ በ1897 ይህን የሚያዝ ነገር የጎን ሰንሰለት አለው፤ ቃሉን የወሰደው ከቀለም ኬሚስትሪ ነው። በ1900 ከሥራ ባልደረባው ከሞርገንሮት ጋር ሆኖ ሬሴፕተር፣ ማለትም ተቀባይ የሚለውን ስም አወጣለት። በሐሳቡ መሠረት ሴሉ እነዚህን እጆች ያበጀው ምግቡን ለመያዝ ነው፤ መርዙ በአጋጣሚ ሲገጥምበት እጁ ይታሰርበታል፤ ሴሉ በታሰረው እጅ ፋንታ ሌላ ይተካል፤ ደግሞ ሲታሰር ከሚያስፈልገው በላይ አብዝቶ ያበቅላል፤ የተረፉትም እጆች ከሴሉ ተገንጥለው ወደ ደም ይገባሉ። አንቲቦዲ ማለት እነዚህ የተገነጠሉ እጆች ናቸው። አንዳንዶቹም፣ አለ ኤርሊኽ፣ ሁለት መያዣ ያላቸው ናቸው፤ በአንዱ ጫፍ ጠላትን፣ በሌላው ጫፍ የሰውነትን አጋዥ ኃይል ይይዛሉ።

ይህ አሳብ ዝናና ጠላት በአንድ ጊዜ አመጣለት። ስዊድናዊው ስቫንተ አሬኒየስ መርዝና አንቲቦዲ የሚተሳሰሩት እንደ ደካማ አሲድና ቤዝ እየተያያዙና እየተላቀቁ ነው ብሎ ተከራከረው። ቤልጂጋዊው ዡል ቦርዴም ነገሩን የጎን ሰንሰለት በሌለበት ለማስረዳት ጣረ። በጥናት ጽሑፎች ላይ የተካሄደው ክርክር ለዓመታት ዘለቀ። ኤርሊኽ ከሥዕሉ ጋር የማይስማማ አዲስ ውጤት በተገኘ ቁጥር ለመርዙም ለተቀባዩም ሌላ ዓይነትና ሌላ ስም ይጨምር ነበር፤ ይህም ግድግዳው በተሰነጠቀ ቁጥር መሠረቱን ሳይመረምር ሌላ ድጋፍ የሚያቆም ግንበኛን ይመስላል። በዚህ ረገድ ተቺዎቹ ትክክል ነበሩ። ከሁሉ የከፋው ምት የመጣው ግን ከካርል ላንድሽታይነር ነው። ላንድሽታይነር በተፈጥሮ ውስጥ ጨርሶ የማይገኙ፣ በላቦራቶሪ የተሠሩ ኬሚካሎችን ከፕሮቲን ጋር አያይዞ ለእንስሳት ሲሰጥ እንስሳቱ ለእነዚህም አንቲቦዲ አበጁ። ሴል ገና ላልተፈለሰፈ ኬሚካል አስቀድሞ እጅ ሊያዘጋጅ እንዴት ይችላል? በዚህ ጥያቄ የተነሣ የጎን ሰንሰለት አሳብ ለብዙ ዓመታት ተጣለ።

ከቤሪንግም ጋር የነበረው ወዳጅነት በእነዚሁ ዓመታት ሻከረ። የሴረሙ ሽያጭ ለቤሪንግ ከፍ ያለ ሀብት ሲያስገኝ ኤርሊኽ የመንግሥት ተቋም ኃላፊ ለመሆን ሲል የገቢ ድርሻውን ለቅቆ ነበር፤ በ1901 የመጀመሪያው የሕክምና ኖቤል ሽልማትም ለቤሪንግ ብቻ ተሰጠ። ኤርሊኽ የራሱን ያገኘው በ1908 ከሩሲያዊው ኢልያ ሜችኒኮፍ ጋር ተካፍሎ ነው። ሜችኒኮፍ ሰውነትን የሚከላከሉት ባዕድ ነገርን የሚውጡ ሴሎች ናቸው ባይ ሲሆን፣ ኤርሊኽ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው አንቲቦዲ ነው ባይ ነበር። ሸላሚዎቹ ሁለቱን ባላንጣዎች በአንድ መድረክ ማቆማቸው በጊዜው እንደ ማስታረቅ የሚታይ ነበር፤ አንቲቦዲና ዋጩ ሴል በእርግጥ የሚገናኙበት ማያያዣ እንዳለ የታወቀው በኋላ ነው።

ኤርሊኽ ከ1899 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ የኖረው በፍራንክፈርት ነው። የሥራ ክፍሉ ወንበር እስኪታጣ ድረስ በመጻሕፍትና በመጽሔቶች ክምር የተሞላ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲጋር ያጨሳል፤ በቀን እስከ 25 ይደርስ ነበር ይባላል። ለረዳቶቹ የዕለት ትእዛዛቸውን በትንንሽ ባለ ቀለም ካርዶች እየጻፈ ያድላል። ስለ ሞለኪውል መናገር ከጀመረ እጁ የያዘው ነገር ሁሉ የንድፍ ወረቀት ነበር።

ፍራንሲስካ ሽፓየር የተባለች ባለጠጋ መበለት በባልዋ መታሰቢያ ባሠራችውና በ1906 በተከፈተው የምርምር ቤት ውስጥ ወደ ሌላ ሥራ ተሻገረ። አሳቡ ግን ያው ነበር፤ በሽታ አምጪው ተውሳክ ተቀባይ ካለው፣ ያን ተቀባይ ብቻ የሚይዝና መርዝ የተሸከመ መድኃኒት ሊሠራ ይቻላል። አቶክሲል የሚባለው የአርሴኒክ መድኃኒት ሊለዋወጥ የማይችል ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ኤርሊኽና ኬሚስቱ አልፍሬድ በርትሃይም በ1907 የሞለኪውሉን እውነተኛ አሠራር ገልጠው እምነቱ የተሳሳተ መሆኑን አሳዩ፤ ከዚያ በኋላ ሞለኪውሉን እየለዋወጡ በመቶ የሚቆጠሩ ኬሚካሎች ሠሩ። በ1909 ከጃፓን የመጣው ሳሃቺሮ ሃታ 606 ቁጥር የተሰጠው ኬሚካል ቂጥኝ የያዛቸውን ጥንቸሎች እንደሚያድን አረጋገጠ። መድኃኒቱ በ1910 ለዓለም ተገለጸ፤ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊትም 65,000 ያህል መጠን ለሐኪሞች በነጻ ታደለ። ሳልቫርሳን የተባለው ይህ ነው።

ሳልቫርሳን ብዙ ሰው አዳነ፤ ችግርም አላጣውም። ዱቄቱ አየር ሲያገኘው ስለሚበላሽ በታሸገ መስተዋት መጠበቅ፣ ከመወጋቱም በፊት በጥንቃቄ መሟሟት ነበረበት፤ ይህን ባላሟሉ እጆች የተወጉ ሕሙማን ተጎዱ፤ የሞቱም አሉ። ኤርሊኽ ያለ ስሙ ስም ተሰጠው፤ በጋዜጣ የተሰደበው ስድብ አይሁዳዊነቱንም አልዘለለም። በጁን 1914 በፍራንክፈርት ፍርድ ቤት ቀርቦ መሰከረ፤ ከሳሽ ነኝ ይል የነበረው ጋዜጠኛም አንድ ዓመት እንዲታሰር ተፈረደበት። በመድኃኒቱ ላይ ሌላም የሚነገር አለ። ኤርሊኽ የ606ን ሞለኪውል ሲነድፍ ሁለት የአርሴኒክ አቶሞችን በድርብ ማሰሪያ አገናኝቶ ነበር። በ2005 በኒው ዚላንድ የተካሄደ ምርመራ እንዳሳየው ግን አርሴኒኮቹ የተያያዙት ሦስትም አምስትም እየሆኑ በቀለበት ነው። መድኃኒቱ ለዓመታት ሰው ሲያድን ንድፉ የተሳሳተ ነበር።

የዓለም ጦርነት በተነሣበት በ1914 በፍራንክፈርት አዲስ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ኤርሊኽ ከፕሮፌሰሮቹ አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት ለፊዚክስ የተሾመው ማክስ ፎን ላወ ከሁለት ዓመት በፊት የኤክስ ሬይ ጨረር በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ በአቶሞቹ አሰላለፍ መሠረት እንደሚበተን ያገኘ ሰው ነው። የተቀባዩን ቅርጽ ከብዙ ዘመን በኋላ ለዐይን ያበቃው ይኸው ዘዴ ነው። ንድፉን ያወጣውና የማመሳከሪያውን መሣሪያ ያገኘው ሰው ለአጭር ጊዜ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ነበሩ። ኤርሊኽ ግን ጤናው ተዳክሞ ነበር፤ ኦገስት 20 ቀን 1915 በባድ ሆምቡርግ በ61 ዓመቱ ሞተና በፍራንክፈርት የአይሁድ መቃብር ተቀበረ።

በናዚ ዘመን በስሙ የተሰየመው ጎዳና ስሙ ተለወጠ፤ መበለቱ ሄድቪግም አገሯን ጥላ ተሰደደች፤ በ1948 በአሜሪካ ሞተች። ከጦርነቱ በኋላ የመራው የሴረም ተቋም በስሙ ተጠራ፤ ከ1990 ጀምሮ ደግሞ የማርክ ገንዘብ በዩሮ እስኪተካ ድረስ መልኩ በ200 ማርክ ብር ላይ ታትሞ ቆየ።

የተጣለው የጎን ሰንሰለት አሳብ የተነሣው በ1950ዎቹ ነው። ኒልስ የርነ በ1955፣ ማክፋርሌን በርኔትም በ1957 ሰውነት አንቲቦዲን እንደ አዲስ የሚቀርጽ ሳይሆን አስቀድሞ ካለው የሚመርጥ ነው አሉ። ኤርሊኽ የተሳሳተው እጆቹን ሁሉ በአንድ ሴል ላይ መትከሉ ነበር፤ በእውነቱ ግን እያንዳንዱ ሴል አንድ ዓይነት እጅ ብቻ ይዞ ይወለዳል፤ የተመረጠው ሴልም ይራባል። እጁ ራሱ አንቲቦዲ ነው የሚለው አሳብ ልክ ሆኖ ተገኘ። የላንድሽታይነር ጥያቄም በ1976 ሱሱሙ ቶኔጋዋ የአንቲቦዲ ጂኖች እየተቆራረጡና እየተቀጣጠሉ ስፍር ቁጥር የሌለው ቅርጽ እንደሚሰጡ ሲያሳይ ተመለሰ። አስቀድሞ ሮድኒ ፖርተርና ጄራልድ ኤደልማን ከ1959 ጀምሮ አንቲቦዲ ከአራት ሰንሰለቶች የተሠራና ባላ እንጨት የሚመስል መሆኑን ገልጠው ነበር። ሁለቱ የባላው ቅርንጫፎች ጠላትን ይይዛሉ፤ ግንዱን ደግሞ በሴሎች ላይ የተተከሉ ሌሎች ተቀባዮች ይይዙታል። ዋጩ ሴል በአንቲቦዲ የተሸፈነውን ባክቴሪያ የሚያገኘው በዚህ ግንድ በኩል ነው።

ከእነዚህ ግንድ ያዥ ተቀባዮች አንዱ ኤርሊኽ በተማሪነቱ ድልብ ባላቸው በማስት ሴሎች ላይ የተተከለው ነው። ይህ ተቀባይ ኢ የተባለውን የአንቲቦዲ ዓይነት እጅግ አጥብቆ ይይዛል፤ በአለርጂ የሚሠቃየው ሰው የሚያስነጥሰውና የሚያብጠው፣ አጎራባች የሆኑ ሁለት አንቲቦዲዎች በአንድ የአበባ ብናኝ ሲተሳሰሩ ሴሉ እነዚያን ሐምራዊ እንክብሎች ስለሚያፈስሳቸው ነው። በአሜሪካ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ1998 የተቀባዩን ያዥ ክፍል ቅርጽ፣ በ2000 ደግሞ አንቲቦዲውን እንደ ያዘ ያለውን ቅርጽ በኤክስ ሬይ ዘዴ አወጡ። ያዡ ክፍል ሁለት ጉብታዎች በአጣዳፊ ማዕዘን ተጣጥፈው የተገጣጠሙበት ነው። የአንቲቦዲው ግንድ ከሁለት አንድ ዓይነት ሰንሰለቶች የተሠራ በመሆኑ ሁለት ተቀባዮች ግራና ቀኝ ሊይዙት ይችላሉ ተብሎ ሊገመት ይቻል ነበር። የታየው ግን ሌላ ነው፤ አንድ ተቀባይ ሁለቱንም ሰንሰለቶች በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይይዛል፤ በአንደኛውም ቦታ የግንዱ አንድ ፕሮሊን የተባለ አሚኖ አሲድ በተቀባዩ ሁለት ትሪፕቶፋኖች መካከል እንደ ሽብልቅ ይገባል። አንዱ ከያዘ ለሁለተኛው ቦታ አይተርፍም። ኤርሊኽ የሣለው ጥርስና ጎድጓዳ እንዲህ ያለ ብልሃት አልነበረበትም፤ ማሰሪያውም እንዳሰበው እንደ ቀለም ሞለኪውል የጎን ሰንሰለት ቋሚ የኬሚስትሪ ማሰሪያ ሳይሆን የብዙ ደካማ ኃይሎች ድምር ነው። በዚህ በኩል አሬኒየስ ለእውነት ይበልጥ ቀርቦ ነበር።

የወተቱም በር ተገኘ። በ1994 በካሊፎርኒያ ከአይጥ የተወሰደው ተቀባይ ጂ የተባለውን አንቲቦዲ በግንዱ ይዞ የሚታይበት ቅርጽ ተገለጠ። በግንዱ ላይ ያሉት ሂስቲዲን የተባሉ አሚኖ አሲዶች ኮምጣጣ በሆነ አካባቢ፣ ማለትም ፒኤች 6 አካባቢ ሲሆን፣ ኤሌክትሪክ ሞልተው ከተቀባዩ ጋር ይተሳሰራሉ፤ እንደ ደም ባለ ፒኤች 7.4 ሲሆን ሙላታቸውን አጥተው ይለቃሉ። በግልገሉ አንጀት ውስጥ ያለው አካባቢ ኮምጣጣ ስለ ሆነ ተቀባዩ አንቲቦዲውን ይይዛል፤ በግድግዳው ውስጥ አሻግሮ በደም በኩል ይለቀዋል። በሰው ዘንድ ይኸው ተቀባይ አንቲቦዲን ከእናት ወደ ጽንስ የሚያሻግረው በእንግዴ ልጅ በኩል ነው። በአዋቂ ሰውም ላይ ሴሎች የዋጡትን አንቲቦዲ ከመፈጨት አድኖ ወደ ደም ይመልሳል፤ የጂ አንቲቦዲ ግማሹ እስኪያልቅ 21 ቀን ያህል የሚፈጀው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2022 በኤውሮፓ ለሕፃናት የተፈቀደው ኒርሴቪማብ የተባለ መድኃኒት አርኤስቪ የሚባለውን የሳንባ ቫይረስ የሚከላከል አንቲቦዲ ነው፤ እንደ ዲፍቴሪያው ሴረም ለሕፃኑ ተዘጋጅቶ ከውጭ ይሰጣል። ሠሪዎቹ በግንዱ ላይ ሦስት አሚኖ አሲዶችን ለውጠው ተቀባዩ በኮምጣጣው አካባቢ ይበልጥ አጥብቆ እንዲይዘው አደረጉ። በዚህም የተነሣ አንድ ጊዜ የተወጋው መርፌ ሕፃኑን አምስት ወር ያህል ይጠብቀዋል።